መዝገቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፦ በወንጀል ፍትሕ አካላት መካከል ስለሚኖር ቅንጅትና ስለ ባለሙያዎች የጋራ ሥልጠና

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ሙሉ ቃል)



የተሰጠኝ ርእስ በወንጀል ፍትሕ አካላት መካከል ቅንጅትንና ሙያዊ ዕድገትን ማጎልበትን የሚመለከት ነው። ርእሱ አዲስ አይደለም። «ቅንጅት» የሚለው ቃል በየዓመታዊ ሪፖርቱና በየስብሰባው ከመመላለሱ የተነሣ ትርጉሙ ሳስቷል፤ ሁሉም ይስማማበታል፣ ማንም አይጠየቅበትም። ዛሬ የማደርገው ጥረት ይህን ቃል ከሪፖርት አውጥቶ ወደ ሕጉ አንቀጽና ወደ ታሳሪው ዕለታዊ ኑሮ መመለስ ነው።

መነሻ ጥያቄዬ የሚከተለው ነው። ፖሊሱ የተሰጠውን ሥራ ሠርቶ፣ ዐቃቤ ሕጉ ሕጉ የፈቀደለትን ወስኖ፣ ዳኛው በፊቱ የቀረበለትን አይቶ ትእዛዝ ሰጥቶ፣ ማረሚያ ቤቱም በትእዛዙ መሠረት ተቀብሎ ሳለ፣ የእነዚህ ሁሉ ሥራዎች ድምር ኢፍትሐዊ ሊሆን ይችላልን? መልሴ «አዎን፣ ይችላል» የሚል ነው። እያንዳንዱ ተቋም ለብቻው ሲመረመር ጥፋት ላይገኝበት ይችላል። ጥፋቱ ያለው አንዱ ሥራውን ጨርሶ ለሌላው በሚያስረክብበት መጋጠሚያ ላይ ነው። ያ መጋጠሚያ ደግሞ የማንም ስላልሆነ ጠባቂ የለውም።

1. የመዝገቡ ጉዞ

ሕጉ ምን እንደሚል አስቀድመን እናስታውስ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንኡስ አንቀጽ 3 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በቁጥር 29 ይህንኑ የ48 ሰዓት ግዴታ በፖሊስ ላይ ጥሏል። ምርመራው ካልተጠናቀቀ ፖሊስ በቁጥር 59 መሠረት ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀናት የበለጠ አይሰጥም። ምርመራው ያለ አላስፈላጊ መዘግየት ሊጠናቀቅና መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ሊቀርብ እንደሚገባ ቁጥር 37 ይደነግጋል። ዐቃቤ ሕጉ በቁጥር 38 አራት መንገዶች አሉት፦ ክስ መመሥረት፣ ቀዳሚ ምርመራ እንዲደረግ ማዘዝ፣ ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ መመለስ፣ ወይም ክስ አልመሠርትም ማለት። ክስ የሚመሠርት ከሆነም በቁጥር 109 መሠረት መዝገቡን በተቀበለ በ15 ቀናት ውስጥ ነው።

በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ሰንሰለት ጠንካራ ነው። አሁን ደግሞ አንድ ምናባዊ ጉዳይ እናስኪድበት። ምሳሌው የማንም ሰው ታሪክ አይደለም፤ ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ባለሙያዎች ሳታውቁት የምትቀሩ አይመስለኝም።

ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ ሌላውን ይመታዋል። ተመቺው ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል፤ መቺው ዓርብ ማታ ይያዛል። ፖሊስ በ48 ሰዓት ውስጥ በተረኛ ችሎት ያቀርበዋል። የምስክሮች ቃል ስላልተሟላና የሐኪም ማስረጃ ስላልመጣ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ 14 ቀን ይፈቀድለታል። የሐኪም ማስረጃው ሲመጣ በሕክምና ቋንቋ፣ ብዙውን ጊዜም በእንግሊዝኛ፣ የቁስሉን ርዝመትና ሥፍራ ይገልጻል። ዐቃቤ ሕጉ ሊያውቅ የሚፈልገው ግን ሌላ ነው፦ ጉዳቱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 የተመለከተው ከባድ የአካል ጉዳት ነው ወይስ በአንቀጽ 556 የተመለከተው ቀላል የአካል ጉዳት? ጉዳቱ ለሕይወት የሚያሰጋ ነበርን? ቋሚ ጉድለት አስከትሏልን? ሐኪሙ እነዚህን ጥያቄዎች የጠየቀው ሰው ስለሌለ አልመለሳቸውም። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ለተጨማሪ ምርመራ ይመልሳል። መርማሪው በዚያ መካከል ሌላ ምድብ ተሰጥቶት ሊሆን ይችላል። አዲሱ መርማሪ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ያከመው ሐኪም በዕለቱ የለም። ሌላ 14 ቀን ይጠየቃል።

አስተውሉ፤ እስከዚህ ድረስ ሕግ የጣሰ ሰው የለም። ፖሊሱ በጊዜው አቅርቧል። ዳኛው በሕጉ ጣሪያ ውስጥ ቀጠሮ ሰጥቷል። ዐቃቤ ሕጉ ያልተሟላ መዝገብ ይዞ ክስ አለመመሥረቱ የሚያስመሰግነው ነው። ሐኪሙ ያየውን በታማኝነት ጽፏል። ታሳሪው ግን አንድ ወር ያህል ታስሯል። የጠፋው ነገር አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ሐኪሙ ሊሞላቸው የሚገቡ አምስት ወይም ስድስት ጥያቄዎች የተጻፉበት ቅጽ። ያንን ቅጽ ማዘጋጀት የፖሊስ ሥራ ነው? የዐቃቤ ሕግ? የጤና ሚኒስቴር? ጥያቄው ራሱ መልስ የሌለው መሆኑ የችግሩ ማስረጃ ነው።

ጉዞው በክስ አይቆምም። ችሎቱ ምስክር ለመስማት ይቀጥራል፤ መጥሪያው ሳይደርስ ስለቀረ ምስክሩ አይመጣም። ወይም ምስክሩ መጥቶ ተከሳሹ ከማረሚያ ቤት ሳይቀርብ ይቀራል፤ የተላከው የትእዛዝ ግልባጭ ዘግይቷል፣ አጃቢ አልተመደበም፣ ወይም ተሽከርካሪው ወደ ሌላ ችሎት ሄዷል። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩና በአውቶቡስ የመጣው ምስክር የመመለሻ ገንዘቡን ቆጥሮ ይሄዳል። በሁለተኛው ቀጠሮ መምጣቱን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም።

ሕገ መንግሥቱ ይህን አደጋ ሳያይ አላለፈም። አንቀጽ 19 ንኡስ አንቀጽ 4 ፍርድ ቤቱ ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ ሲፈቅድ፣ ኃላፊነት ያለባቸው የሕግ አስከባሪ አካላት ምርመራውን የተያዘውን ሰው በተፋጠነ ጊዜ ፍርድ የማግኘት መብት አክብረው ማካሄዳቸውን እንዲያረጋግጥ ያዝዛል። ይህ ድንጋጌ ዳኛውን የቀን ቆጣሪ ብቻ አያደርገውም። «ያለፉት 14 ቀናት ምን ተሠራባቸው?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ለመጠየቅ ግን ዳኛው ምርመራ እንዴት እንደሚካሄድ፣ የትኛው ሥራ ሦስት ቀን የትኛው ሦስት ሳምንት እንደሚወስድ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ከቅንጅት ወደ ሥልጠና የሚያሻግረን ድልድይ ይህ ነው፤ የማታውቀውን ሥራ ልትቆጣጠረው አትችልም።

2. መለያየቱ ከየት መጣ?

የፍትሕ አካላት መለያየት የተፈጠረው በሰዎች ክፋት አይደለም። ሦስት ምክንያቶችን ብቻ ላንሣ።

የመጀመሪያው አደረጃጀት ነው። ባለፉት ሁለት ዐሥርታት የተቋማቱ ሕጎች ተደጋግመው ተለውጠዋል። የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 720/2004 ተቋቋመ። በአዋጅ ቁጥር 943/2008 የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተመሥርቶ ቀደም ሲል በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ተበታትኖ የነበረው የዐቃቤ ሕግነት ሥልጣን አንድ ላይ ተሰበሰበ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ሥልጣኑ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ዞረ። የፌዴራል ማረሚያ ቤት ኮሚሽን የራሱን አዋጅ ቁጥር 1174/2012 አገኘ። ፍርድ ቤቶችም በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1233 እና 1234 አዲስ ሕግ ወጣላቸው። እያንዳንዱ ለውጥ የራሱ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን መሥሪያ ቤት በተለወጠ ቁጥር በሰዎች መካከል የተገነባ የሥራ ልማድ ይፈርሳል። መርማሪው ስልክ የሚደውልለት ዐቃቤ ሕግ ይለወጣል፤ ቅጹ ይለወጣል፤ የመዝገብ ቁጥር አሰጣጡ ይለወጣል። በዚህ ላይ የፌዴራልና የክልል ሥልጣን አለ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78 እና 80 መሠረት የክልል ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ጉዳዮችን በውክልና ያያሉ። ክልሎች የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ የመወሰን መብት ስላላቸው ከክልል ወደ ክልል የሚሻገር መዝገብ ትርጉም ያስፈልገዋል። መብቱ ትክክል ነው፤ ለትርጉሙ የሚያስፈልገው ባለሙያና ጊዜ ግን አስቀድሞ መታቀድ አለበት።

ሁለተኛው መለኪያ ነው። ፖሊስ በአብዛኛው የሚመዘነው አጣርቶ ባቀረባቸው መዝገቦች ብዛት ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ጥፋተኛ ባስባላቸው ክሶች መጠን፤ ፍርድ ቤት በዘጋቸው መዝገቦች ቁጥር፤ ማረሚያ ቤት ታራሚ እንዳያመልጥ በመጠበቁ። አራቱም የየራሳቸውን ግብ መቶ በመቶ ሊያሳኩ ይችላሉ። የፖሊስን ቁጥር ከፍ የሚያደርገው ያልበሰለ መዝገብ የዐቃቤ ሕግን ጊዜ ይበላል። የፍርድ ቤቱን ቁጥር የሚያሳምረው በምስክር አለመቅረብ የተዘጋ መዝገብ የተበዳዩን ደጅ ያንኳኳል። ከነዚህ መለኪያዎች ውስጥ ሰውዬው ከተያዘበት ቀን አንሥቶ ውሳኔ እስካገኘበት ቀን ያለውን ጊዜ የሚቆጥር የለም። ለታሳሪውም ሆነ ለተበዳዩ ግን ትርጉም ያለው ቁጥር እርሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሥልጠና ነው። ፖሊሱ በሰንዳፋ በፖሊስ ትምህርት ተቋም ይሠለጥናል። ዳኛውና ዐቃቤ ሕጉ ከሕግ ትምህርት ቤት ወጥተው በፌዴራልና በክልል የፍትሕ ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ተቋማት ያልፋሉ። የማረሚያ ቤት መኮንኑ በራሱ ተቋም፣ ሐኪሙ በሕክምና ኮሌጅ ይማራል። ጠበቃው ፈቃድ ካወጣ በኋላ ለረጅም ዘመን ማንም አላሠለጠነውም፤ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር መቋቋሙ በዚህ ረገድ ተስፋ ይሰጣል። እነዚህ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገናኙት በችሎት ነው። በችሎት ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ወገን ይዞ ስለሚቆም መማማር አይቻልም።

3. ቅንጅትና ነፃነት

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ከተማሪዎች ሊነሣ የሚገባውን ተቃውሞ ራሴ ላንሣው። ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት አብረው የሚሠሩ ከሆነ ተከሳሹ ማን አለው? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። በወንጀል ፍትሕ ግን ድሩ ያሰረው አንበሳውን ይሁን ንጹሑን ሰው የሚለይ፣ ከድሩ ውጭ የቆመ ዓይን ያስፈልጋል።

ተቃውሞው ከታሪካችንም ድጋፍ ያገኛል። አባቶቻችን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅም እንዳይበተን ይደረጋል። በአንድ በኩል ሲታይ ይህ የትብብር ጣሪያ ነው፤ የማይተባበር ሰው የለም። በሌላ በኩል ግን መርማሪው፣ ጠቋሚው፣ መስካሪውና ግፊት አድራጊው በአንድ ጉባኤ ተቀላቅለዋል። ጠላት ያለው ወይም ወገን የሌለው ሰው በዚያ ጉባኤ ውስጥ ምን እንደሚያጋጥመው ለመገመት አያስቸግርም። ትብብር ብቻውን ፍትሕ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

በ1990 በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በሀቫና የተቀበለው የተባበሩት መንግሥታት የዐቃብያነ ሕግ ሚና መመሪያ ሁለቱንም ወገን በአንድ ሰነድ ይዟል። በ10ኛው አንቀጹ የዐቃቤ ሕግ ሥራ ከዳኝነት ሥራ ፈጽሞ የተለየ እንዲሆን ያዝዛል። በ20ኛው አንቀጹ ደግሞ ዐቃብያነ ሕግ ከፖሊስ፣ ከፍርድ ቤት፣ ከጠበቆች፣ ከተከላካይ ጠበቆችና ከሌሎች የመንግሥት አካላት ጋር ለመተባበር እንዲጥሩ ይጠይቃል። ሁለቱ አንቀጾች አይጋጩም፤ የሚናገሩት ስለ ተለያየ ነገር ነውና። የመጀመሪያው ስለ ውሳኔ ነው፤ ሁለተኛው ስለ አሠራር። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 79 ዳኛው ከሕግ በቀር በሌላ ሁኔታ እንዳይመራ የተደነገገውም ውሳኔን የሚመለከት ነው። የምስክር መጥሪያ በስንት ቀን መድረስ እንዳለበት መነጋገር የዳኛውን ነፃነት አይነካም። «ይህ ተከሳሽ በዋስ እንዳይለቀቅ» ብሎ መነጋገር ግን ነፃነቱን ከሥሩ ይነቅለዋል።

ድንበሩን ለመለየት አንድ ቀላል መፈተኛ አቀርባለሁ። በማንኛውም የፍትሕ አካላት የጋራ መድረክ ላይ የሚነሣ ነጥብ፣ ተከላካይ ጠበቃው በዚያው ጠረጴዛ ተቀምጦ እየሰማ ሊነሣ ይችላልን? የሚችል ከሆነ ጉዳዩ ስለ አሠራር ነው፤ ይቀጥል። የማይችል ከሆነ ስለ አንድ ሰው ዕጣ ፈንታ ከችሎት ውጭ እየተወሰነ ነው፤ ይቁም። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ መደምደሚያ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤቶችና የጠበቆች ማኅበራት የቅንጅት መድረኮች ሙሉ አባላት መሆን አለባቸው የሚል ነው። ተከላካይ በሌለበት የሚደረግ ቅንጅት የከሳሽ ወገን ስብሰባ ነው፤ ዳኛ በዚያ ሊቀመጥ አይገባውም።

4. ተሠርቶ ያየነው

ይህ ሁሉ ምኞት እንዳይመስላችሁ በሥራ የተፈተኑ ልምዶችን ልጥቀስ።

በአገራችን በጣም የሚታየው ምሳሌ ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተቋቋመው የአንድ ማእከል አገልግሎት ነው። ቀድሞ ተጎጂዋ ከፖሊስ ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ዐቃቤ ሕግ እየተመላለሰች የደረሰባትን ለእያንዳንዱ እንግዳ ሰው እንደ አዲስ ትናገር ነበር። በማእከሉ ግን ሐኪሙ፣ መርማሪው፣ ዐቃቤ ሕጉና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያው በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኛሉ። ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ለተጎጂዋ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። በጊዜ ያልተሰበሰበ የሕክምና ማስረጃ ተመልሶ አይገኝም፤ ደጋግሞ የተነገረ ቃልም ሲደጋገም በትንንሽ ነገሮች ይለያያል፤ ያ ልዩነት በመስቀለኛ ጥያቄ ጊዜ የእውነተኛውን ምስክር ታማኝነት ያጎድፋል። አብሮ መሥራቱ ማስረጃውንም ሰውዋንም ይጠብቃል። የደቡብ አፍሪካ የቱቱዜላ ማእከላትም የተመሠረቱት በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የተደራጁት ለሕፃናት ምቹ የሆኑ ችሎቶችም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣሉ። ሕፃኑ ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያይ በተለየ ክፍል ተቀምጦ በቪዲዮ አማካይነት ይመሰክራል። መሣሪያው የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል የዳኛውን፣ የዐቃቤ ሕጉንና የጠበቃውን ጥያቄ ለሕፃኑ በሚገባው ቋንቋ የሚያቀርብለት የሠለጠነ ባለሙያ መኖሩ ነው። ችሎቱን ያቆመው ሕግና ማኅበራዊ ሥራ መገናኘታቸው ነው።

ከጎረቤቶቻችን፣ በኡጋንዳ በማሳካ ወረዳ በ1999 በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጀመረ ሙከራ ነበር። የፍትሕ አካላቱን እንደ አንድ ሰንሰለት ቀለበቶች በመቁጠር በአካባቢ ደረጃ በመደበኛነት እየተገናኙ የታሳሪዎችን መዝገብ እንዲከታተሉ አደረገ። ልምዱ ኋላ ለአገሪቱ የፍትሕ፣ የሕግና የሥርዓት ዘርፍ መርሐ ግብር መሠረት ሆኗል። ኬንያ ደግሞ በ2011 በወጣው የዳኝነት አገልግሎት ሕጓ የፍትሕ አስተዳደር ብሔራዊ ምክር ቤትን አቋቋመች፤ ሰብሳቢው የአገሪቱ ዋና ዳኛ ነው። ከሥሩ በየፍርድ ቤቱ የፍርድ ቤት ተጠቃሚዎች ኮሚቴዎች አሉ። ሁለት ነገሮች ልብ ይባሉ። መድረኩ በሕግ የቆመ ስለ ሆነ በአንድ ኃላፊ በጎ ፈቃድ ላይ አልተንጠለጠለም፤ የሚመራውም በዳኝነት አካሉ እንጂ በአስፈጻሚው አይደለም። የነፃነት ስጋታችንን ለማቃለል ይህ ሁለተኛው ነጥብ ከፍተኛ ዋጋ አለው።

እኛም በ2003 ዓ.ም. የወጣ የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ አለን፤ በእርሱም መነሻነት ከምርመራ እስከ ቅጣት አፈጻጸም ያለውን ሥራ እንደ አንድ ሥርዓት የማየት አሳብ ተይዟል። በየደረጃው የጋራ መድረኮች ይካሄዳሉ። የሚጎድለን አሳቡ አይደለም፤ አሳቡን የሚሸከም የሠለጠነ ልማድ ነው።

5. አብሮ መሠልጠን

ወደ ዋናው አሳቤ ደርሻለሁ። ቅንጅት በመመሪያ አይመጣም፤ የሌላውን ሥራ በማወቅ ይመጣል። ስለዚህ የሙያ ሥልጠናችን በከፊል የጋራ መሆን አለበት። «በከፊል» ያልሁት ሆን ብዬ ነው፤ የጣት አሻራ አነሣሥ ለዳኛ፣ የፍርድ አጻጻፍ ለፖሊስ በዝርዝር ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው። የጋራ መሆን ያለበት መጋጠሚያው ነው።

አንደኛ፣ የሥልጠናው መጽሐፍ የተዘጋ መዝገብ ይሁን። የመጨረሻ ውሳኔ ያገኘና ይግባኝ የሌለበት መዝገብ የባለጉዳዮቹ ስም ተሰውሮ ይቅረብ። መርማሪ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ዳኛ፣ ጠበቃ፣ ሐኪምና የማረሚያ ቤት መኮንን በአንድ ክብ ጠረጴዛ ተቀምጠው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያንብቡት። በየገጹ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቀጥሎ ያለው ሰው ከዚህ ገጽ ምን ይፈልግ ነበር? አገኘው?» የሐኪሙ ቅጽ የሚወለደው እንዲህ ካለ ንባብ ነው።

ሁለተኛ፣ በነፃ የማሰናበት ፍርድ ወደ መርማሪው ይመለስ። ዛሬ ተከሳሹ ሳይከላከል በነፃ ሲሰናበት ዐቃቤ ሕጉ ይግባኝ ማለት አለማለቱን ይወስናል፤ መርማሪው ግን ብዙውን ጊዜ የፍርዱን ምክንያት አያነበውም። ያልተማረበትን ስሕተት በሚቀጥለው መዝገብ ይደግመዋል። በተለይ የእምነት ቃልን የሚመለከተው ጉዳይ ከባድ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንኡስ አንቀጽ 5 መሠረት በግዳጅ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም። ይህን አንቀጽ መርማሪዎች በቃላቸው ያውቁታል። ዳኛው የትኛውን ምልክት አይቶ ቃሉ በግዳጅ መሰጠቱን እንደ ጠረጠረ፣ በዚያም ምክንያት ሌላው ደኅና ማስረጃ እንኳ እንዴት ጥላ እንዳጠላበት ከዳኛው አንደበት መስማት ግን ከመቶ ትምህርት ይበልጣል። የሰብአዊ መብት ትምህርት ከሙያ ብቃት ትምህርት የተለየ እንዳልሆነ የሚገባውም ያን ጊዜ ነው፤ የሚገርፍ መርማሪ ግፈኛ ብቻ አይደለም፣ ሙያውን የማያውቅም ነው።

ሦስተኛ፣ ማረሚያ ቤቱ ከሰንሰለቱ ጫፍ ወደ መሀል ይምጣ። በ2015 በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ማንም ሰው ሕጋዊ የእስር ትእዛዝ ሳይኖር ወደ እስር ቤት እንዳይገባ፣ የመዝገብ አያያዝም የተሟላ እንዲሆን፣ ሠራተኞችም ከቅጥር በፊትና በሥራ ላይ ሳሉ እንዲሠለጥኑ ይጠይቃሉ። ማንን ስንት ቀን እንዳሰርን በእርግጠኝነት የሚያውቀው ተቋም ማረሚያ ቤት ነው። ቀጠሮው ያለፈበትን ታሳሪ፣ ፍርዱን ጨርሶ የመፈቻ ትእዛዝ የሚጠብቀውን ሰው አስቀድሞ የሚያየው የመዝገብ ሠራተኛው ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 የተመለከተው አመክሮም የማረሚያ ቤቱን ምዘናና የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ያገናኛል። ዳኛው የማረሚያ ቤት ግምገማ እንዴት እንደሚሠራ ካላወቀ የአመክሮ ፍርዱ ማኅተም ብቻ ይሆናል።

አራተኛ፣ የሥራ ቦታ ልውውጥ ይኑር። ጀማሪ ዐቃቤ ሕግ ሁለት ሳምንት በፖሊስ ጣቢያ፣ መርማሪ ሁለት ሳምንት በዐቃቤ ሕግ ቢሮ ቢቀመጡ ወጪው አነስተኛ ነው። ለዳኞች ግን ይህ ተገቢ አይደለም፤ ለእነርሱ የተቋማት ጉብኝትና የጋራ ንባቡ ይበቃል። ነፃነት የሚጠበቀው በእንዲህ ያለ ትንሽ ጥንቃቄም ነው።

አምስተኛ፣ ሁሉም የሚጠየቅበት አንድ የጋራ ቁጥር ይኑር፤ ከመያዝ እስከ ውሳኔ ያለው የቀናት ብዛት። ሰውየው ሲያዝ የተሰጠው መለያ ቁጥር በፖሊስ፣ በዐቃቤ ሕግ፣ በፍርድ ቤትና በማረሚያ ቤት ሳይለወጥ ቢቀጥል ይህን መቁጠር አስቸጋሪ አይሆንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሁላችንም የምናውቀው የሥልጠና ዓይነት አለ፤ ከከተማ ውጭ በሆቴል አዳራሽ ይካሄዳል፣ አበል ይከፈላል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ የተላከውም ሰው የሚመረጠው ሥራው ስለሚጠይቀው ሳይሆን ተራው ስለ ደረሰ ነው። እንዲህ ያለው ሥልጠና ከሌለው የከፋ ነው፤ «ሠልጥነዋል» የሚል ቁጥር ፈጥሮ ችግሩን ይደብቃልና። እኔ የምለው የጋራ ንባብ በወረዳ ፍርድ ቤት ግቢ፣ በወር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ያለ አበል ሊደረግ የሚችል ነው። በጀቱ አንድ መዝገብ፣ አንድ ክፍልና የሚመራው ብቁ ሰው ነው።

6. ለተማሪዎችና ለመምህራን

የሚመራው ሰው ከየት ይምጣ? ይህ የሕግ ትምህርት ቤት ድርሻ ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲ በሰንሰለቱ ውስጥ የማንም አለቃ ወይም ተጠሪ ስላልሆነ ሁሉም ያለ ስጋት ሊቀመጡበት የሚችሉበት ጠረጴዛ አለው። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማእከላት በየፍርድ ቤቱና በየማረሚያ ቤቱ ይሠራሉ፤ መዝገቡ የት ላይ እንደሚቆም በዐይናቸው ያያሉ። ያዩትን ግን በሥርዓት መዝግበው ለተቋማቱ አይመልሱም። የድጋፍ ማእከሎቻችን የምርምር ዐይን ቢጨመርላቸው የእያንዳንዱ ወረዳ ፍርድ ቤት መጋጠሚያ የት ላይ እንደሚላላ በአንድ የትምህርት ዘመን ማወቅ ይቻላል።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ የምላችሁ ይህን ነው። የወንጀል ሥነ ሥርዓትን ስትማሩ ቁጥር 29ን፣ 38ን፣ 59ን፣ 109ን ለየብቻቸው ታጠናላችሁ፤ ፈተናውም እንዲሁ ይመጣል። በአንቀጾቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታም አጥኑ። ከመካከላችሁ አንዱ ዳኛ፣ አንዷ ዐቃቤ ሕግ፣ ሌላው ጠበቃ ትሆናላችሁ። ዛሬ በአንድ ወንበር ላይ አብራችሁ ተቀምጣችኋል፤ ከምረቃ በኋላ እንዲህ የምትቀመጡበት ቦታ ማግኘት ይቸግራችኋል።

ሕዝባችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል። ትልቁን ሀብቱን በአግባቡ ተሟግቶ ቢያጣ ይችለዋል፤ ትንሿን ነገር ያለ ፍርድ ሲያጣ ግን ያንገበግበዋል። ያለ ፍርድ የሚሄደው ነገር ግን እንጀራ ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ያልተጠየቀውን ጥያቄ፣ ያልደረሰውን መጥሪያ፣ ያልተላከውን ግልባጭ ሲጠብቅ ያለፈበት እያንዳንዱ ቀን ከሰው ዕድሜ ያለ ፍርድ የተወሰደ ነው። ያን ቀን ማንም ሆን ብሎ አልወሰደውም፤ ሊመልሰው የሚችል ግን ከእኛ ከባለሙያዎቹ በቀር ሌላ የለም።